«ይሻገራል ወይ?» ብቻ አትበሉ፦ ከኖቫ ወደ ጆርጅ ሜሰን የቢዝነስ ዲግሪ እንዴት ይታቀዳል

ባለፈው ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ ላፕቶፑን በብብቱ ሸጉጦ ቤቴ መጣ። ዘንድሮ ኖቫ (የሁለት ዓመት ኮሚኒቲ ኮሌጅ ነው) ሊገባ ነው፤ ቢዝነስ ሊማር። ቡናው እስኪፈላ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘረጋን። የመጀመሪያ ጥያቄው «ቀለል የሚሉት ክላሶች የትኞቹ ናቸው?» የሚል ነበር። እኔ ደግሞ «መጨረሻህ የት ነው?» አልኩት። ዝም አለ።

አልፈረድኩበትም። እኔንም በእሱ ዕድሜ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። በሌላ ስቴት አንድ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ገብቼ፣ ስሙ ላይ «ቢዝነስ» የሚል ስላየሁ ብቻ አንድ ፕሮግራም መረጥኩ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ተማርኩ። ውጤቴም ደህና ነበር። ዩኒቨርሲቲ ስደርስ ክሬዲቶቼ፣ ማለትም ኮርሶች የሚቆጠሩባቸው ነጥቦች፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም «ተሻግረዋል» ተባልኩ። ደስ አለኝ። ወረቀቱን ቀስ ብዬ ሳነበው ግን 19 ክሬዲት «ኢሌክቲቭ» (የምርጫ ኮርስ) በሚል ሳጥን ውስጥ ተከምሯል። ቁጥሩ አለ፤ ለዲግሪዬ የሚሞላው ቦታ ግን የለም። ከአንድ ሴሚስተር በላይ ድካም፣ የሌሊት ሺፍት እየሠራሁ የከፈልኩት ገንዘብ፣ እዚያ ሳጥን ውስጥ ቀረ።

ስለዚህ ይህ መመሪያ በአንዲት ጥያቄ ዙሪያ የሚዞር ነው። ሰው ሁሉ «ይህ ክላስ ይሻገራል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። እናንተ «ይህ ክላስ በምፈልገው ዲግሪ ላይ የቱን ቦታ ይሞላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ምሳሌ የማደርገው ብዙ የእኛ ልጆች የሚሄዱበትን መንገድ ነው፦ ከኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ፣ ሁላችንም ኖቫ ከምንለው፣ ፌርፋክስ ወዳለው ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ። ሜሪላንድ፣ ሲያትል ወይም ካሊፎርኒያ ያላችሁም አካሄዱ ያው ነው። የሚለየው የድረ ገጹና የቅጹ ስም ነው።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ለወላጆች አንድ ነገር ልበል። በእኛ ሰው ዘንድ «ልጄ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ነው» ሲባል ድምፅ ዝቅ ይላል። ዝቅ አይበል። ኖቫ በ1965 ቤይሊስ ክሮስሮድስ ውስጥ የተጀመረ ኮሌጅ ነው፤ ዛሬ ስድስት ካምፓስ አለው። ጂል ባይደን ባላቸው ፕሬዚዳንት በነበሩበት ጊዜ ሁሉ ኖቫ እንግሊዝኛ ያስተምሩ ነበር። ሁለቱን ዓመት እዚህ፣ ሁለቱን ሜሰን የተማረ ልጅ የሚቀበለው ዲፕሎማ አራቱንም ዓመት ሜሰን ከተማረው ልጅ ዲፕሎማ አይለይም። ኖቫ ላይ የሚከፈለው ዋጋ ግን ከግማሽ በታች ነው።

1. መድረሻውን መጀመሪያ ምረጡ

አንድ ዋና፣ አንድ ተጠባባቂ ዩኒቨርሲቲ ያዙ። ከዚያ በላይ ከያዛችሁ እቅዱ ይበተናል፤ የእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ዝርዝር የየራሱ ጠባይ አለው።

ዩኒቨርሲቲውን መምረጥ ግን ግማሽ መንገድ ነው። ዩኒቨርሲቲ መግባትና የዩኒቨርሲቲው ቢዝነስ ትምህርት ቤት መግባት ሁለት በሮች ሊሆኑ ይችላሉ። የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲን ተመልከቱ። ለኮሚኒቲ ኮሌጅ ተማሪዎች የሚሰጠው የመግቢያ ዋስትና አለ፤ ነገር ግን የንግድ ትምህርት የሚሰጠው ማኪንታየር ትምህርት ቤት በራሱ ማመልከቻ ነው የሚቀበለው። ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክም እንዲሁ ነው፤ የስሚዝ ቢዝነስ ትምህርት ቤት ቦታው የተገደበ ስለሆነ የራሱን መስፈርት ያሟላ ብቻ ይገባል። ጓደኛዬ ይህን ያወቀችው ደብዳቤው ከደረሳት በኋላ ነው። ዩኒቨርሲቲው ተቀብሏታል፤ ቢዝነስ ግን አልተቀበላትም።

ስለዚህ መድረሻችሁን ስትጽፉ ሦስት ነገር በአንድ መስመር ጻፉ፦ ዩኒቨርሲቲው፣ በውስጡ ያለው ኮሌጅ፣ ሜጀሩ (ዋናው የትምህርት መስክ)። የአክስቴ ልጅ ወረቀት ላይ የጻፍነው «ጆርጅ ሜሰን፣ ኮስቴሎ ኮሌጅ ኦፍ ቢዝነስ፣ አካውንቲንግ» የሚል ነው። የሜሰን ቢዝነስ ትምህርት ቤት ኮስቴሎ የሚባለው ከ2023 ጀምሮ ነው፤ የቆየ ወረቀት ላይ ሌላ ስም ብታዩ ግራ አይግባችሁ። ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ፦ ሜሰን ውስጥ ኢኮኖሚክስ የሚሰጠው ቢዝነስ ኮሌጁ ውስጥ አይደለም፤ ከሂዩማኒቲስና ሶሻል ሳይንስ ጋር ነው። ኢኮኖሚክስ የምትፈልጉ ከሆነ የምትከተሉት ዝርዝር ሌላ ነው ማለት ነው።

2. በስም አትታለሉ፦ ኤኤስ እና ኤኤኤስ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። እኔም የተሳሳትኩት እዚህ ነው።

ኮሚኒቲ ኮሌጅ ከሚሰጣቸው የሁለት ዓመት ዲግሪዎች ሁለቱን ለይታችሁ እወቁ። አንዱ «አሶሼት ኦፍ ሳይንስ» ይባላል፤ ባጭሩ ኤኤስ። የተሠራው ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ለሚሻገር ሰው ነው። ሌላው «አሶሼት ኦፍ አፕላይድ ሳይንስ»፣ ኤኤኤስ፣ ተምሮ በቀጥታ ሥራ ለሚገባ ሰው የተሠራ ነው። በመካከላቸው ያለችው አንዲት ቃል ናት፤ አንዲቷ ቃል ግን አንድ ዓመት ልታስከፍል ትችላለች።

ኖቫ ላይ «ቢዝነስ አድሚኒስትሬሽን» ኤኤስ ነው። «ቢዝነስ ማኔጅመንት» ግን ኤኤኤስ ነው። «አካውንቲንግ» የሚለውም ኤኤኤስ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ አካውንታንት መሆን የሚፈልግ ልጅ ዝርዝሩን ከፍቶ «አካውንቲንግ» የሚለውን ሲያይ እሱን ቢመርጥ ምን ይደንቃል? ለመሻገር የሚያስብ ከሆነ ግን የሚመርጠው ቢዝነስ አድሚኒስትሬሽንን ነው። አካውንቲንጉን ሜሰን ሲደርስ ሜጀር ያደርገዋል።

ኤኤኤስ መጥፎ ዲግሪ ነው እያልኩ አይደለም። በሁለት ዓመት ውስጥ ቢሮ ገብቶ መሥራት ለሚፈልግ ጥሩ ነው። ለእናንተ ዓላማ ግን አይሆንም። ዛሬውኑ የተማሪ አካውንታችሁን ከፍታችሁ የተመዘገባችሁበት ፕሮግራም ስም አጠገብ ምን እንደተጻፈ ተመልከቱ። የተሳሳተ ከሆነ መቀየሪያው አንድ ቅጽ ነው።

3. አድቫንስ ፕሮግራምን በጊዜ ጠይቁ

ኖቫና ሜሰን በ2018 የጀመሩት አድቫንስ የሚባል የጋራ ፕሮግራም አለ። የገባ ተማሪ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከኖቫ እስከ ሜሰን የተዘረጋ የኮርስ መስመር ይሰጠዋል። የሚከታተለው አማካሪም ይመደብለታል። ለዚህ መመሪያ ዋና ጥያቄ፣ «የቱን ቦታ ይሞላል?» ለሚለው፣ በጽሑፍ የተቀመጠ መልስ ማለት ነው።

የተሠራው ለጀማሪዎች ነው። ብዙ ክሬዲት ካጠራቀማችሁ በኋላ ብትሄዱ ዕድሉ ሊያልፋችሁ ይችላል። ስለዚህ «አንድ ዓመት ልሞክረውና» አትበሉ። ከመጀመሪያው ሴሚስተር በፊት ወይም በዚያው ሴሚስተር ጠይቁ።

አድቫንስ ባትገቡም ትራንስፈር ቨርጂኒያ የሚባለው የስቴቱ ድረ ገጽ ለሁሉም ክፍት ነው። የኖቫን ኮርስ ስታስገቡ በየዩኒቨርሲቲው ምን ተብሎ እንደሚቆጠር ያሳያችኋል። ሜሪላንድ ያላችሁ አርትሲስን፣ ካሊፎርኒያ ያላችሁ አሲስትን ተጠቀሙ። ውጤቱን ስታነቡ አንድ ነገር ላይ ዓይናችሁን ጣሉ። ከኮርሱ ፊት ለፊት የዩኒቨርሲቲው የራሱ የኮርስ ቁጥር ካለ፣ ቦታ አግኝቷል። «ኢሌክቲቭ» የሚል ብቻ ካለ፣ የእኔ 19 ክሬዲት የወደቀበት ሳጥን እሱ ነው።

4. ሰንሰለቶቹን ፈልጉ

የቢዝነስ ኤኤስ ዲግሪ 60 ክሬዲት ገደማ ነው። ሁሉም ኮርሶች ግን እኩል አይደሉም። አንዳንዶቹ ብቻቸውን የቆሙ ናቸው፤ ሲመቻችሁ ትወስዷቸዋላችሁ። ሌሎቹ እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው፤ አንዱን ሳታልፉ ቀጣዩን መመዝገብ አይቻልም። የምትመረቁበትን ጊዜ የሚወስኑት ሰንሰለቶቹ ናቸው።

የመጀመሪያው ሰንሰለት ሒሳብ ነው። ፕሪካልኩለስ 161፣ ከዚያ አፕላይድ ካልኩለስ 261። ከ161 በታች የምትጀምሩ ከሆነ ሰንሰለቱ በአንድ ወይም በሁለት ሴሚስተር ይረዝማል። ሒሳብ ስለሚያስፈራ ብዙ ሰው ወደ መጨረሻ ይገፋዋል። እባካችሁ አትግፉት። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። አገር ቤት 12ኛን ከጨረሳችሁ አንድ ሁለት ዓመት ብቻ ከሆነ፣ ሒሳቡ ገና ከእጃችሁ ሳይወጣ አሁን ያዙት። ከዓመታት በኋላ የምትመለሱ ከሆነ ደግሞ ካልኩለስን በኦንላይን አትውሰዱ። ክፍል ገብታችሁ፣ መምህሩ ሰሌዳ ላይ እየጻፈ፣ ያልገባችሁን እጃችሁን አውጥታችሁ እየጠየቃችሁ ተማሩት። የማስጠናት አገልግሎቱ ነፃ ነው። የመጀመሪያው ፈተና ሳይደርስ ሂዱ።

ሁለተኛው አካውንቲንግ ነው፦ 211 ከዚያ 212። ሁለቱ ሁለት ተከታታይ ሴሚስተር ይፈልጋሉ። በሁለቱ መካከል ሴሚስተር አትዝለሉ፤ የተማራችሁት ዴቢትና ክሬዲት ከጭንቅላታችሁ ይጠፋል።

ሦስተኛው እንግሊዝኛ፣ 111 ከዚያ 112። እንግሊዝኛ በቋንቋ ኮርስ የምትጀምሩ ከሆነ እነዚያ የቋንቋ ኮርሶች ብዙውን ጊዜ ለቢዝነስ ዲግሪ አይቆጠሩም። ያም ሆኖ አትዝለሏቸው። ከሁሉም ክላስ ጀርባ ያለው ጽሑፍ ነው፤ እዚህ ላይ የሚጠፋ ጊዜ የለም።

ማክሮ ኢኮኖሚክስ 201 እና ማይክሮ ኢኮኖሚክስ 202 እንደ ሰንሰለት ጠንካራ አይደሉም፤ ሁለቱም ግን ለቢዝነስ ሜጀር የግድ ናቸው። ስታቲስቲክስ ላይ ስትደርሱ ቆም በሉ። ስታቲስቲክስ የሚል ስም ያላቸው ኮርሶች ከአንድ በላይ ናቸው። የምትሄዱበት ቢዝነስ ትምህርት ቤት የትኛውን እንደሚፈልግ በጽሑፍ ሳታዩ አትመዝገቡ።

ሌላው የሚያታልል ነገር የቢዝነስ ኮርሶች ራሳቸው ናቸው። ቢዝነስ የሚማር ሰው ቢዝነስ የሚል ስም ያለውን ሁሉ መውሰድ ይፈልጋል፤ ማርኬቲንግ፣ ማኔጅመንት፣ የሰው ኃይል አስተዳደር። እነዚህን ግን ዩኒቨርሲቲዎች በአብዛኛው በሦስተኛና በአራተኛ ዓመት ደረጃ ነው የሚያስተምሩት። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ላይ የተማራችሁት «ማርኬቲንግ» ስሙ አንድ ቢሆንም ደረጃው ዝቅ ያለ ተብሎ ኢሌክቲቭ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ሜሰን ላይ እንደገና ትማሩታላችሁ፤ እንደገናም ትከፍላላችሁ። የእኔ 19 ክሬዲት አብዛኛው እንዲህ የሄደ ነው። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ላይ መግቢያውን፣ ቢዝነስ 100ን፣ ውሰዱ። የቀረውን እዚያ ስትደርሱ።

5. ሴሚስተሮቹን በወረቀት ላይ ደርድሩ

60 ክሬዲት በአራት ሴሚስተር ሲካፈል 15 ይሆናል። በሁለት ዓመት መጨረስ የሚቻለው በየሴሚስተሩ 15 በመውሰድ ነው። ለፋይናንሻል ኤይድ (ለትምህርት የሚሰጥ የገንዘብ እርዳታ) «ሙሉ ሰዓት» የሚባለው 12 ነው፤ 12 እየወሰዳችሁ ግን በሁለት ዓመት አትጨርሱም። ይህን ብዙ ሰው የሚያውቀው ሁለተኛው ዓመት ሲያልቅ ነው።

የአክስቴ ልጅ በሳምንት 30 ሰዓት ይሠራል። 15 ክሬዲት ላይ ጨክኖ ቢመዘገብ ሁለቱንም ያጣል። ስለዚህ ሰመርን እንደ ሦስተኛ ሴሚስተር ቆጠርንና እንዲህ ደረደርነው፦

የመጀመሪያ ፎል፦ እንግሊዝኛ 111፣ ፕሪካልኩለስ 161፣ ቢዝነስ 100፣ አንድ ክሬዲት ያላት የኮሌጅ ማስተዋወቂያ ክላስ። ድምሩ 10።

ስፕሪንግ፦ እንግሊዝኛ 112፣ ካልኩለስ 261፣ ማክሮ 201። ድምሩ 9።

ሰመር፦ የኮምፒውተር ኮርሱና አንድ ሂዩማኒቲስ። ድምሩ 6።

ሁለተኛ ፎል፦ አካውንቲንግ 211፣ ማይክሮ 202፣ ታሪክ። ድምሩ 9።

ስፕሪንግ፦ አካውንቲንግ 212፣ ስታቲስቲክስ፣ ላብ ያለው ሳይንስ። ድምሩ 10።

ሰመር፦ የንግግር ክላስ፣ አንድ ሌላ የጄኔራል ኤጁኬሽን (የጠቅላላ ትምህርት) ኮርስ። ድምሩ 6።

ሦስተኛ ፎል፦ የቀሩት 10 ክሬዲቶች።

ሁለት ዓመት ከመንፈቅ፣ 60 ክሬዲት። ሲሠራ ካልኩለስና አካውንቲንግ አንድ ሴሚስተር ላይ እንዳይገናኙ ተጠነቀቅን። በሰመር ከባድ ኮርስ አላስገባንም፤ 15 ሳምንት የሚፈጀው ትምህርት ከግማሽ በታች በሆነ ጊዜ ስለሚያልቅ አንድ ቀን መቅረት እንደ ሳምንት ነው። እቅዱ በፎል ስለሚያልቅ ሜሰን የሚገባው በስፕሪንግ ነው። የምትፈልጉት ትምህርት ቤት ወይም ስኮላርሺፕ በፎል ብቻ የሚቀበል ከሆነ እቅዱን በዚያ ልክ አሳጥሩት ወይም ዘርጉት።

ወረቀቱ አሁን ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል። እናቱ እንግሊዝኛ ብዙም አታነብም፤ ግን ያለቀውን ክላስ በቀይ እስክሪብቶ የምትሰርዘው እሷ ናት። እንዲህ ስትሆን ቤቱ ሁሉ ያውቀዋል።

6. ገንዘቡን ከኮርሱ ጋር አብራችሁ አቅዱ

የመጀመሪያው ጉዳይ የኢንስቴት ዋጋ፣ የስቴቱ ነዋሪ የሚከፍለው ዝቅ ያለ ዋጋ፣ ነው። ቨርጂኒያ ላይ ክላስ ከሚጀመርበት ቀን በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት ነዋሪ መሆንን ማሳየት ይጠበቃል። ልጁ ከ24 ዓመት በታች ሆኖ በወላጅ የሚረዳ ከሆነ የሚታየው የወላጁ ነዋሪነት ነው። በዲቪ ወይም በቤተሰብ አዲስ የመጣችሁ ከሆነ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምራችሁ ማስረጃ አጠራቅሙ፦ የቤት ኪራይ ውል፣ መንጃ ፈቃድ፣ የስቴት ታክስ የከፈላችሁበት ወረቀት። አንድ ዓመት ሙሉ የተከማቸ ፋይል ያለው ሰው ቢሮ ሄዶ አይከራከርም።

ቀጥሎ ፋፍሳ፣ የፌዴራል መንግሥት የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ፣ ነው። ብዙውን ጊዜ ኦክቶበር 1 ይከፈታል፤ በየዓመቱም ይሞላል። ግሪን ካርድ ያለው፣ ጥገኝነት ያገኘ ወይም በስደተኝነት የገባ ሰው ማመልከት ይችላል። በተማሪ ቪዛ ያለ አይችልም። በእሱ የሚገኘው ፔል ግራንት የማይመለስ ገንዘብ ነው፤ በ2025–26 ትልቁ መጠን 7,395 ዶላር ነበር። ሙሉውን ለሚያገኝ ተማሪ የኖቫን የኢንስቴት ክፍያ ሊሸፍን ይችላል። ገንዘቡ ግን ማለቂያ አለው፤ በዕድሜ ልክ የ12 ሙሉ ሴሚስተር ያህል ብቻ ነው። ኢሌክቲቭ ሳጥን ውስጥ ለሚወድቅ ክላስ የዋለው ፔል ሜሰን ላይ ሲያስፈልጋችሁ አይገኝም።

ኤይዱ እንዳይቋረጥ ሦስት ቁጥር ያዙ። ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) ከ2.0 በታች አይውረድ። ከተመዘገባችሁባቸው ክሬዲቶች 67 በመቶውን ጨርሱ። ዲግሪው ከሚጠይቀው ክሬዲት 150 በመቶ በላይ አትመዝገቡ፤ ለ60 ክሬዲት ዲግሪ 90 ማለት ነው። በደብልዩ የወጣችሁበት፣ ማለትም በቀነ ገደቡ ያቋረጣችሁት፣ ክላስ ጂፒኤ አይነካም፤ ከ67 በመቶው ሒሳብ ላይ ግን ይቀንሳል። ያም ሆኖ ኤፍ ከማግኘት ደብልዩ ይሻላል። የማቋረጫው የመጨረሻ ቀን መቼ እንደሆነ በሴሚስተሩ መጀመሪያ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ሁሉንም ክላስ በአንዴ ጥሎ መሄድ ግን አደገኛ ነው። ሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይደርስ ከሆነ የወሰዳችሁትን ኤይድ በከፊል መልሱ ትባላላችሁ።

ሎን (ብድር) በኮሚኒቲ ኮሌጅ ጊዜ ባትነኩ ይመረጣል። ሜሰን ላይ ያስፈልጋችኋል።

7. ከኢትዮጵያ የመጣ ወረቀት ካላችሁ

አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ወይም የግል ኮሌጅ ጀምራችሁ ያቋረጣችሁ ከሆነ ያ ትምህርት ከንቱ አልሆነም። ትራንስክሪፕቱን በእያንዳንዱ ኮርስ ዝርዝር አስገምግሙት። ይህን የሚሠሩ እንደ ደብልዩኢኤስ ያሉ ድርጅቶች አሉ፤ የምትሄዱበት ትምህርት ቤት የሚቀበለው የትኛውን እንደሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ግምገማውን ለኖቫ ብቻ ሳይሆን ለሜሰንም እንዲላክ አድርጉ። ኖቫ ስለተቀበለው ሜሰን ይቀበለዋል ማለት አይደለም፤ ሁለቱም በየራሳቸው ዓይን ያዩታል። ገና አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ ሳትመጡ ትራንስክሪፕታችሁን በታሸገ ፖስታ ሁለት ሦስት ቅጂ ይዛችሁ ኑ። ከዚህ ሆኖ ሬጅስትራር ደጅ ዘመድ መላክ ወራት ይፈጃል።

የመጀመሪያ ዲግሪ ጨርሳችሁ የመጣችሁ ከሆነ ግን ቆም ብላችሁ አስቡ። ከኢትዮጵያም ቢሆን የባችለር ዲግሪ ያለው ሰው ፔል ግራንት አያገኝም። ከዜሮ ጀምሮ ሌላ ባችለር ከመማር፣ ዲግሪያችሁን አስገምግማችሁ የጎደሏችሁን የአካውንቲንግ ኮርሶች ብቻ ወስዳችሁ ወደ ማስተርስ መሄድ ሊቀርባችሁ ይችላል። ስንት ሰው አውቃለሁ፣ «እዚህ አገር አይቆጠርም» የሚል ወሬ ሰምቶ የአራት ዓመት ዲግሪውን ሻንጣ ውስጥ ጥሎ እንደ አዲስ የጀመረ። ሳትጠይቁ አትጣሉት።

8. አማካሪ ጋ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ

አማካሪ የያዘው ተማሪ ብዙ ነው፤ ለእናንተ ያለው ጊዜ አጭር ነው። «ምን ልውሰድ?» ብላችሁ ከገባችሁ አጠቃላይ መልስ ይዛችሁ ትወጣላችሁ። እቅዳችሁን ይዛችሁ ግቡ። ጣታችሁን ኮርሱ ላይ አድርጋችሁ «ይህ ሜሰን አካውንቲንግ ላይ የቱን ቦታ ይሞላል?» በሉ። ከወጣችሁ በኋላ የተነጋገራችሁትን በኢሜይል ጻፉላቸው፤ «የተረዳሁት እንዲህ ነው፤ ልክ ነኝ?» ብላችሁ። መልሱ ማስረጃ ነው።

ኖቫ አማካሪ ብቻ አይበቃም። የሜሰንን የትራንስፈር አማካሪም አነጋግሩ። ገና ያልገባሁበት ትምህርት ቤት ማን ያናግረኛል አትበሉ፤ ሥራቸው ነው።

አንድ ፎልደር ክፈቱ፤ ኮምፒውተር ላይ ይሁን ስልክ ላይ። የእያንዳንዱን ክላስ ሲለበስ፣ መምህሩ በመጀመሪያው ቀን የሚሰጠውን የኮርስ መግለጫ፣ እዚያ አስቀምጡ። ዛሬ ምንም አይመስልም። ከሁለት ዓመት በኋላ ጥቅሙን ታዩታላችሁ።

9. የመጨረሻው ዓመት

ለፎል የሚገባ ሰው ማመልከት ያለበት ብዙውን ጊዜ በጃንዋሪና በማርች መካከል ነው፤ ለስፕሪንግ ደግሞ ከፎሉ ሴሚስተር አጋማሽ በፊት። ትክክለኛውን ቀን ከዩኒቨርሲቲው ገጽ ወስዳችሁ እቅዱ ወረቀት ላይ ጻፉት። ፋፍሳችሁ ላይ ሜሰንን ጨምሩ፤ ይህን ረስቶ ያለ ኤይድ ሴሚስተር የጀመረ ሰው አይቻለሁ።

«45 ክሬዲት ካለኝ ለምን ኤኤሱን እጨርሳለሁ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። መጨረስ ይሻላል። ቨርጂኒያ ላይ የተሟላ የትራንስፈር ዲግሪ ይዞ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ሰው የታችኛውን ደረጃ ጄኔራል ኤጁኬሽን እንዳሟላ ይቆጠርለታል። ዲግሪውን ጨርሶ 3.0 ጂፒኤ ይዞ የገንዘብ ችግር ያለበት ተማሪ ደግሞ ስቴቱ ለኮሚኒቲ ኮሌጅ ተሻጋሪዎች የሚሰጠውን ግራንት መጠየቅ ይችላል። ዲግሪው ደግሞ በእጃችሁ ያለ ነገር ነው፤ ኑሮ ቢያቋርጣችሁ እንኳ ባዶ እጃችሁን አትቀሩም።

ውጤት ላይ ሁለት ነገር እወቁ። ከሲ በታች ያገኛችሁበት ክላስ ብዙውን ጊዜ አይሻገርም። የሚሻገረውም ክሬዲቱ ነው፤ ጂፒኤያችሁ ሜሰን ላይ ከዜሮ ይጀምራል። ኖቫ ላይ የደከማችሁበት ጂፒኤ ለመግባትና ለስኮላርሺፕ ሠርቷል፤ ከዚያ በኋላ አዲስ ገጽ ነው። የመጀመሪያውን የሜሰን ሴሚስተር በ12 ክሬዲት ብትጀምሩት ጥሩ ነው። ክላሶቹ ይከብዳሉ፤ ካምፓሱም አዲስ ነው።

የመጨረሻው ውጤት ከተመዘገበና ኤኤሱ ትራንስክሪፕቱ ላይ ከወጣ በኋላ ኦፊሴላዊውን ትራንስክሪፕት እንደገና አስልኩ። ስታመለክቱ የላካችሁት ያልተሟላ ነበር።

ከዚያ ሜሰን የክሬዲት ግምገማ ይልክላችኋል። አትዝለሉት። የማቀዝቀዣውን እቅድ ጎኑ አስቀምጡና መስመር በመስመር አመሳክሩ። እያንዳንዱ ኮርስ ያሰባችሁት ቦታ ላይ ገብቷል? ቦታ ያላገኘ ካለ ዝም አትበሉ። የዚያን ክላስ ሲለበስ ከፎልደሩ አውጡ፣ የአማካሪውን ኢሜይል ጨምሩበት፣ ኮርሱ ከየትኛው የሜሰን ኮርስ ጋር እንደሚመሳሰል ጽፋችሁ እንደገና እንዲታይ ጠይቁ። ይህ ጥያቄ የሚቀርበው ለመጀመሪያው ሴሚስተር ከመመዝገባችሁ በፊት ነው፤ ከተመዘገባችሁ በኋላ ያንኑ ክላስ ሁለተኛ እየተማራችሁት ትገኛላችሁና።